ቃሬዛው ማን ደጅ ይወርዳል? አደጋ ሲመጣ የጎጃም ገጠር ነርሶች ሥራ

በግንቦት 2017 ዓ.ም የጤና ባለሙያዎች የደመወዝና የጥቅማ ጥቅም ጥያቄ አደባባይ ሲወጣ፣ ወሬው ሁሉ ደመወዝ ደመወዝ ሆኖ ሰነበተ። ሥራ ማቆም ይገባል፣ አይገባም የሚለው ክርክር ማኅበራዊ ሚዲያውን ሞላው። የታሰሩም ነበሩ። ከዚህ ሁሉ ውስጥ ብዙም ያልተነሳ ነገር አለ። ከከተማ ርቆ፣ መንገድ ተዘግቶ፣ ስልክ ጠፍቶ፣ ወረርሽኝና ተኩስ በአንድ ሰሞን በመጡበት ቦታ የሚሠራ ነርስ ውሎው ምን ይመስላል? እሱ ወይም እሷ ከቦታው ሲጠፉስ የሚቋረጠው ምንድን ነው?

ጎጃም ላይ ይህ ጥያቄ የንድፈ ሐሳብ አይደለም። የሚኒስትሮች ምክር ቤት ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ካወጀ ወዲህ ምሥራቅ ጎጃምም፣ ምዕራብ ጎጃምም፣ አዊም ከግጭት ዜና ርቀው አያውቁም። አዋጁ በግንቦት 2016 መጨረሻ ገደማ ጊዜው አበቃ፤ ግጭቱ ግን አብሮት አላበቃም። በላዩ ላይ ወባ መጣ።

ስለ ጤና ተቋማት የሚነገረውም እርስ በርሱ ይጋጫል። አንዱ «ጤና ጣቢያው ክፍት ነው» ይላል። ሌላው «አገልግሎት የሚባል ነገር የለም» ይላል። የሚገርመው ሁለቱም በአንድ ቀን፣ ስለ አንድ ጤና ጣቢያ፣ እውነት ሊሆኑ ይችላሉ። በሩ ክፍት ነው፤ ተረኛዋም አለች። መድኃኒቱ ግን ካለቀ ሰንብቷል፣ ፍሪጁም ጠፍቷል፣ ወደ ሆስፒታል የሚወስድ መኪናም የለም። ነገሩን ለመረዳት «ክፍት ነው ወይስ ዝግ» ከሚለው ጥያቄ መውጣት ያስፈልጋል።

አደጋ የሚባለው የቱ ነው?

አደጋ ሲባል ብዙ ሰው ዓይኑ ላይ የሚመጣው ቁስለኛ ነው። የጥይት፣ የናዳ፣ የመኪና መገልበጥ። በጤና ሙያ ግን ትርጉሙ ሰፋ ይላል። ማኅበረሰቡ በእጁ ባለው አቅም ሊቋቋመው የማይችለው ክስተት ሁሉ አደጋ ነው። ስለዚህ 20 ቁስለኛ ለባሕር ዳር ትልልቅ ሆስፒታሎች ከባድ ሌሊት ሊሆን ይችላል። ለአንድ የቆላ ጤና ጣቢያ ግን 5 ቁስለኛ በቂ አደጋ ነው።

የጎጃም መልክዓ ምድር ነገሩን ያወሳስበዋል። የጮቄ ተራራ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። የዓባይ ሸለቆ ደግሞ ብዙ ቦታ ላይ ወደ 1,000 ሜትር አካባቢ ይወርዳል። በሸበል በረንታ፣ በደጀን፣ በባሶ ሊበን ወይም በጎንቻ ሲሶ እነሴ በአንድ ወረዳ ውስጥ ደጋው በብርድና በሳንባ ምች፣ ቆላው በወባ ይታመማል። በካርታ ላይ ቅርብ የሚመስለው ቀበሌ በእግር የግማሽ ቀን መንገድ ይሆናል። ክረምት ሲገባ ወንዙ ይሞላል፣ ጭቃው መኪና ይይዛል፣ ገደሉም ይናዳል።

ናዳ ከተነሳ፣ ከጎጃም ውጭ የሆነ አንድ ነገር ማስታወስ ይጠቅማል። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም በደቡብ ኢትዮጵያ በጎፋ ዞን በደረሰው የመሬት መንሸራተት ከሞቱት ብዙዎቹ ለማዳን የሮጡ ሰዎች ነበሩ። የመጀመሪያውን ናዳ ሊቆፍሩ ተሰብስበው ሳለ ሁለተኛው ደረሰባቸው። ነርሶች ስለ አደጋ ሲማሩ መጀመሪያ የሚነገራቸው «ቦታው ለራስሽ አስተማማኝ መሆኑን እይ» የሚለው ነው። ከሩቅ ለሚሰማው ራስ ወዳድነት ይመስላል። ነገር ግን በዙሪያው ሌላ ባለሙያ በሌለበት ቀበሌ ያቺ አንዲት ነርስ ከተጎዳች፣ ከእሷ በኋላ የሚመጣውን ቁስለኛ የሚያይ የለም።

«ዶክተሯ» ማን ናት?

በገጠር ነጭ ጋዋን የለበሰ ሁሉ «ዶክተር» ወይም «ሐኪም» ነው። አክብሮቱ መልካም ነው፤ ክርክሩን ግን ያደበላልቀዋል። በአሠራሩ መሠረት በአንድ ቀበሌ፣ ማለትም ለ5,000 ሰው ገደማ፣ አንድ ጤና ኬላ ይኖራል። እዚያ ያሉት እ.ኤ.አ. በ2003 በተጀመረው ፕሮግራም የሠለጠኑ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ናቸው፤ አብዛኞቹ የዚያው አካባቢ ልጆች ናቸው። አምስት ያህል ጤና ኬላዎች በአንድ ጤና ጣቢያ ሥር ይሆናሉ። ጤና ጣቢያው ለ25,000 ሰው ገደማ የታሰበ ነው። ነርሷን፣ አዋላጇንና ጤና መኮንኑን የምናገኘው እዚህ ነው። ሐኪም የሚባለው በትክክለኛ ትርጉሙ የሚገኘው ከዚያ በላይ፣ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ላይ ነው።

ስለዚህ መንገድ ሲዘጋ የገጠሩ ሰው የመጨረሻው ከፍተኛ ሕክምና ጤና ጣቢያ ይሆናል። በሰላሙ ጊዜ «ሪፈር» ተብሎ፣ ማለትም ወደ ተሻለ ተቋም ተልኮ ያልፍ የነበረው ሁሉ ነርሷ እጅ ላይ ይቀራል። ሥልጣኗ ያው ነው፤ መድኃኒቷም ያው ነው። የሚጠበቅባት ብቻ በአንድ ሌሊት ይጨምራል።

ነርስ ለገጠር መታሰቧ አዲስ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1954 የተከፈተው የጎንደር የኅብረተሰብ ጤና ኮሌጅ ጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያዎችን አንድ ላይ ያሠለጥን የነበረው፣ ሦስቱ እንደ ቡድን ወደ ገጠር እንዲወጡ ነው።

ሁለት ሰዓት

አንድ ምሳሌ በቅርብ እንይ። ታሪኩ ምሳሌ ነው፤ ሕክምናው ግን እውነተኛ ነው።

ሌሊት ነው። አንዲት እናት ቤቷ ወልዳለች። የእንግዴ ልጁ ወጥቷል፤ ደሙ ግን አልቆመም። ሁለት የባሕር ዛፍ ወራጅ በገመድና በጠፍር ተያይዞ ቃሬዛ ተሠርቷል። ጋቢ ተነጥፎበታል፤ ሌላ ጋቢ ከላይ ደርበውላታል። አራት ሰው ተሸክሟል። ሌሎች አራት ከኋላ ይከተላሉ፤ ሲደክማቸው ሳያወርዱ ትከሻ ይለዋወጣሉ። በብዙ የጎጃም ቀበሌ ለዚህ የተቋቋመ የቃሬዛ ማኅበር አለ፤ ያልመጣ ይቀጣል። በደህናው ጊዜ ቃሬዛው አስፋልት ወይም ጠጠር መንገድ ድረስ ነበር፤ ከዚያ አምቡላንስ ይቀበለው ነበር። አሁን አምቡላንሱ የለም፤ ወይም በሌሊት መንቀሳቀስ አይችልም። ቃሬዛው ጤና ጣቢያው ደጅ ድረስ መምጣት አለበት።

በወሊድ ሕክምና በሰፊው የሚጠቀስ አንድ ስሌት አለ። ካልታከመች፣ ከወለደች በኋላ ብዙ ደም የሚፈሳት እናት በአማካይ 2 ሰዓት ያህል ነው ያላት። ከወሊድ በፊት ለሚፈስ ደም 12 ሰዓት ገደማ ይባላል። በእርግዝና ደም ግፊት ለሚመጣ መንቀጥቀጥ 2 ቀን፣ ለኢንፌክሽን 6 ቀን። እነዚህ ቁጥሮች የገጠር ነርስ ሰዓት ናቸው። መንገዱ 3 ሰዓት ከሆነ፣ መልሱ ሆስፒታል ሳይሆን ጤና ጣቢያው ውስጥ ያለው ነገር ነው።

ነርሷ የምታደርገው ቅደም ተከተል አለው። በሆዷ ላይ ማህፀኗን ታሻለች፤ እንዲጠነክር። ፊኛዋን ባዶ ታደርጋለች። የእንግዴ ልጁ ሙሉ መሆኑን ታያለች። በደም ሥሯ የሚገባ ፈሳሽ ትሰቅላለች። ኦክሲቶሲን ትወጋለች፤ ማህፀንን የሚያኮማትር መድኃኒት ነው። እዚህ ላይ ነው ፍሪጁ የሚመጣው። ኦክሲቶሲን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቀመጥ አለበት። መብራት ከጠፋ ሰንብቶ፣ ለጄኔሬተሩ ነዳጅ ከሌለ፣ ጠርሙሱ መልኩ አይለወጥም፤ ጉልበቱ ግን ይደክማል። ነርሷ ትወጋለች፤ ደሙ አይቆምም። ጥፋቱ የእሷ ይመስላል። በመዝገብ ላይም «መድኃኒት ተሰጥቷል» ተብሎ ይጻፋል።

ሚሶፕሮስቶል የሚባል ክኒን አለ፤ ፍሪጅ አይፈልግም። ለዚህም ነው በጤና ኬላ ደረጃ እንዲኖር የተፈለገው። እኔ እንደሚታየኝ አንድ ሳጥን ሚሶፕሮስቶልና አንድ የሶላር ፍሪጅ፣ መንገድ በተዘጋበት ወረዳ ከአንድ አምቡላንስ ይበልጣሉ። አምቡላንስ ፎቶ ላይ ያምራል፤ ርክክቡም በቴሌቪዥን ይታያል። ክኒን አይታይም።

የእናቶችን ሞት የሚያጠኑ ሰዎች እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ ነገሩን በሦስት መዘግየት ከፍለው ያዩታል። ወደ ሕክምና ለመሄድ መወሰን ላይ መዘግየት፣ መንገድ ላይ መዘግየት፣ ተቋሙ ከደረሱ በኋላ መዘግየት። ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም የሚሰጥ ትምህርት ነው። በሰላሙ ጊዜ ሦስቱ በየተራ ይመጡ ነበር። ግጭት ባለበት አንድ ላይ ይመጣሉ። ባልየው «በሌሊት ብንወጣ ምን ይደርስብን ይሆን» ብሎ ያመነታል፤ ልክ ነው። ከወጡም መንገዱ ይረዝማል። ከደረሱም መድኃኒቱ የለም። እናቶች ምጥ ሳይመጣ ቀደም ብለው የሚቆዩበት የእናቶች ማቆያ ቤት የሚጠቅመው ለዚህ ነው፤ ሁለተኛውን መዘግየት ከነአካቴው ያስቀረዋል። ግን ጤና ጣቢያው ራሱ አስተማማኝ ካልሆነ ማን መጥቶ ይቆያል?

ማን ይቅደም?

ብዙ ቁስለኛ በአንድ ጊዜ ሲመጣ የሚደረገው መለየት «ትሪያጅ» ይባላል። ቃሉ የፈረንሳይኛ ነው፤ ለቅሞ መለየት ማለት ነው። በስፋት የሚታወቀው አንደኛው ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1983 ካሊፎርኒያ ውስጥ የተሠራ ነው። ለአንድ ሰው ከአንድ ደቂቃ በላይ አይፈጅም። መራመድ የሚችል አረንጓዴ ነው፤ ይጠብቃል። የማይተነፍስ ከሆነ የአየር መተላለፊያው ይከፈትለታል፤ ያኔም ካልተነፈሰ ጥቁር ነው፤ ታልፎ ይሄዳል። በደቂቃ ከ30 ጊዜ በላይ የሚተነፍስ ቀይ ነው፤ ይቀድማል። ጥፍሩን ተጭነው ሲለቁት ቀለሙ ከ2 ሴኮንድ በላይ ቆይቶ የሚመለስ ቀይ ነው። «እጄን ጨብጥ» ሲባል የማይጨብጥም ቀይ ነው። ሌላው ቢጫ ነው፤ ከቀዩ ቀጥሎ ይታያል።

ወረቀት ላይ ቀላል ነው። ጤና ጣቢያው ግቢ ውስጥ ግን ቁስለኛው ብቻውን አይመጣም። ከነዘመዱ፣ ከነጎረቤቱ፣ አንዳንዴም ከነመሣሪያው ይመጣል። በጣም የሚጮኸው ብዙ ጊዜ አረንጓዴው ነው፤ ቀዩ ዝም ብሏል። ሽማግሌና ቄስ ይቅደሙ የሚል ባህል አለ። ነርሷ ዝም ያለውን ልጅ አስቀድማ የሚጮኸውን ጎልማሳ ብታስቆይ «አዳላች» ትባላለች። ሞቷል ብላ ያለፈችው ሰው እናት ቆማ እያየቻት ነው። ነርሷም ከነገ ወዲያ ገበያ ላይ ከዚያች እናት ጋር ትገናኛለች። ከከተማ የመጣ የአደጋ ጊዜ ቡድን ሥራውን ጨርሶ ይሄዳል፤ እሷ ግን እዚያው ነዋሪ ናት። በከተማ ሆስፒታል የማይታወቀው የገጠር ነርስ ሸክም አንዱ ይህ ነው፤ የምታክማቸውን ታውቃቸዋለች።

አንዳንድ ባለሙያዎች መፍትሔው ትሪያጁን ለማኅበረሰቡ አስቀድሞ ማስረዳት ነው ይላሉ። በዕድር ስብሰባ፣ በሰንበቴ፣ ከቅዳሴ በኋላ። ሌሎች ደግሞ በስሜት ሰዓት ማንም ትምህርት አያስታውስም፤ በር ላይ የሚቆም የተከበረ ሰው ይሻላል ባይ ናቸው። ሁለቱም አይጣሉም። ሁለተኛው ግን ዛሬውኑ ሊደረግ ይችላል፤ ገንዘብም አይጠይቅም። ሰዉን ከግቢ የሚያስወጣ፣ ቁስለኛን የሚያስተኛ፣ ለደም መስጠት የሚያስተባብር አንድ የሚከበር ሽማግሌ ነርሷን ለዋናው ሥራ ነጻ ያወጣታል።

ድምፅ የሌለው አደጋ

ከጥይት ይልቅ ብዙ ሰው የሚነካው ወባ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው ከጥር 1 እስከ ጥቅምት 20 ቀን 2024 (እ.ኤ.አ.) በኢትዮጵያ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማንና 1,157 ሞት ተመዝግቧል። ከሕሙማኑ 18 በመቶ ያህሉ የአማራ ክልል ነበሩ። ይህ የተመዘገበው ነው። ጤና ኬላ ያልደረሰ ሰው አይቆጠርም።

የወባ ወረርሽኝ ደጋ ሲወጣ ምን እንደሚያደርግ አገሪቱ ታውቀዋለች። እ.ኤ.አ. በ1958 የተነሳው ወረርሽኝ 3 ሚሊዮን ገደማ ሰው አሳምሞ 150,000 ያህል እንደገደለ ይገመታል። ክብደቱ የመጣው ወባ እምብዛም በማያውቃቸው ከፍታዎች ስለገባ ነው፤ ሰውነታቸው የመቋቋም ልምድ አልነበረውም። ዛሬም የጎጃም ደገኛ ለሰሊጥ ሥራ ወደ መተማና ወደ ቆላው ወርዶ ሲመለስ፣ ወይም ከግጭት ሸሽቶ ቆላ ሲሰፍር፣ ሁኔታው ከዚያው ጋር ይመሳሰላል።

እዚህ ላይ የነርሷ ሥራ መርፌ መውጋት ብቻ አይደለም። ኮአርተም የሚባለው የወባ መድኃኒት በ3 ቀን 6 ጊዜ ይወሰዳል። ሁለት ጊዜ ወስዶ ትኩሳቱ ሲለቀው የሚያቆም፣ የቀረውን ለሌላ ልጅ የሚያስቀምጥ ብዙ ነው። መድኃኒት በጠፋበት ጊዜ ይህ ክፋት አይደለም፤ የቤተሰብ ስሌት ነው። ሌላም አለ። መድኃኒቱ ከቅባት ምግብ ጋር ሲወሰድ ሰውነት ይበልጥ ይቀበለዋል። ዐቢይ ጾም ከሆነ «በወተት ውሰድ» ማለት አያስኬድም። የአካባቢውን ሰው የምታውቅ ነርስ ዘይት በዛ ያለበት ሽሮ ወይም ኑግ ፍትፍት ትላለች። ይህን የሚያስተምር ፖስተር የለም።

ሌላው ብዙም የማይወራለት ግርሻ ነው። በልብስ ቅማል የሚተላለፍ፣ ለቅቆ እንደገና የሚነሳ ትኩሳት ነው። ብርድ፣ መጨናነቅ፣ ልብስ መቀየር አለመቻል ሲገናኙ ይመጣል። የተፈናቀሉ ሰዎች መጠለያ እንዲህ ነው። በጎጃም ደግሞ የአብነት ትምህርት ቤቶች አሉ። ዲማም፣ መርጡለ ማርያምም የቆሎ ተማሪ በጠባብ ጎጆ ተደራርቦ የሚያድርባቸው ቦታዎች ናቸው። በሽታው በርካሽ መድኃኒት ይድናል። ችግሩ ከመርፌው በኋላ ነው። ጀርሙ በአንድ ጊዜ ሲሞት ሕመምተኛው ሊንቀጠቀጥ፣ የደም ግፊቱም ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ ወግቶ «ሂድ» ማለት አይቻልም። ለሰዓታት አጠገቡ የሚቆይ ሰው ያስፈልጋል። እንግዲህ አንዲት ነርስ 40 ሰው በተሰለፈበት ቀን ከማን አጠገብ ትቆያለች?

ስልክ ሲጠፋ

በኢትዮጵያ የወረርሽኝ ቅኝት አሠራር እንደ ኮሌራ ያለ በሽታ ሲጠረጠር ከጤና ኬላ ወደ ላይ በ30 ደቂቃ ውስጥ ሪፖርት መደረግ አለበት። ሌሎቹ በየሳምንቱ ይላካሉ። አሠራሩ ስልክ እንዳለ አድርጎ ነው የታሰበው። በአማራ ክልል ሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር፤ በየቦታው መደበኛ ስልክም ጠፍቷል። ያኔ 30 ደቂቃው በእግር የሚኬድ 2 ቀን ይሆናል።

ውጤቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ወረርሽኙ ዘግይቶ ይታወቃል። ሁለተኛው ደግሞ ብዙም አይስተዋልም። ሪፖርት ካልመጣ ዞን ላይ ያለው ሰንጠረዥ «ዜሮ» ያሳያል፤ መድኃኒት ደግሞ የሚታደለው በሪፖርቱ ልክ ነው። የባሰ የተቸገረው ወረዳ ያነሰ ይደርሰዋል ማለት ነው። ሪፖርት ያልመጣበት ባዶ ሳጥንና ዜሮ ሕመምተኛ አንድ እንዳልሆኑ በሰንጠረዡ ላይ በግልጽ መለየት ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ግን ኮታውን ይቀይራል።

የማን ቁስለኛ ነው?

በግጭት አካባቢ ነርሶች ከሚፈሩት ሁሉ የሚብሰው ይህ ጥያቄ ነው። የአንዱን ወገን ቁስለኛ ብታክም በሌላው ዘንድ «ደጋፊ» ልትባል ትችላለች። አላክምም ብትል ሙያዋን ትክዳለች፤ አንዳንዴም ምርጫ የላትም።

ሕጉ ግልጽ ነው። የ1949ኙ (እ.ኤ.አ.) የጄኔቫ ስምምነቶች የጋራ አንቀጽ 3 ቁስለኞችና ሕሙማን ተሰብስበው ይታከሙ ይላል። ይህ በአንድ አገር ውስጥ ለሚደረግ ውጊያም ይሠራል። የ1977ቱ (እ.ኤ.አ.) ሁለተኛ ተጨማሪ ፕሮቶኮል አንቀጽ 10 ደግሞ ከሙያ ሥነ ምግባር ጋር የሚስማማ ሕክምና የሰጠ ሰው፣ ያከመው ማንንም ይሁን ማን፣ መቀጣት የለበትም ይላል። ኢትዮጵያ ይህን ፕሮቶኮል እ.ኤ.አ. በ1994 ተቀብላለች። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 9 ንዑስ አንቀጽ 4 ያጸደቀቻቸው ስምምነቶች የአገሪቱ ሕግ አካል ናቸው ይላል።

ያልጠራው ቦታ ሌላ ነው። ነርሷ ስላከመችው ሰው መረጃ ስጪ ብትባልስ? ያው አንቀጽ 10 ምስጢር መጠበቅን ያከብራል፤ ግን «የአገሩ ሕግ እንደተጠበቀ ሆኖ» የሚል ገደብ አለው። እዚህ ላይ ሁለት አስተያየት አለ። የጸጥታ አካላት የሚያነሱት ክርክር በጥይት የቆሰለ ሰው ወንጀል ሊሆን ስለሚችል መመዝገብና መታወቅ አለበት የሚል ነው። በሰላም ጊዜ ብዙ አገር እንዲህ ያደርጋል። የጤና ወገኑ ክርክር ደግሞ ቁስለኛ ተይዞ እንደሚሄድ ከታወቀ ማንም ቁስለኛ ወደ ጤና ጣቢያ አይመጣም፤ ሲቪሉም ጭምር ይሸሻል የሚል ነው። የሁለተኛው ክርክር ክብደት የሚታየው ቁስሉ ተበክሎ በሳምንቱ ቃሬዛ ላይ ሲመጣ ነው፤ ያኔ በፋሻ ይድን የነበረው እግር መቆረጥ ይሆናል።

ጥበቃው የሚጠፋበት ሁኔታም አለ። ጤና ጣቢያ ለውጊያ ሥራ ከዋለ፣ በቅድሚያ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶ ማስጠንቀቂያው ካልተሰማ፣ ጥበቃውን ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ ነርሷ «መሣሪያ ይዛችሁ አትግቡ» ስትል የግቢውን ሁሉ ሕይወት እየጠበቀች ነው። ይህን ብቻዋን እንድትል መተው ግን ከባድ ነው። ሽማግሌዎችና ካህናት ከሁሉም ወገን ጋር አስቀድመው ተነጋግረው በር ላይ የሚጸና ደንብ ቢያደርጉት ቃሏ የአንድ ሰው ቃል አይሆንም።

ይውጡ ወይስ ይቆዩ?

ግጭት ሲበረታ ነርሶችን ወደ ከተማ ማውጣት ይገባል የሚሉ አሉ። ምክንያታቸው ቀላል ነው፤ የሞተ ባለሙያ አይተካም። ሌሎች ደግሞ ባለሙያ ከወጣ ሕዝቡም ይከተላል፤ ጤና ጣቢያ ሲዘጋ ቀበሌው ተስፋ ይቆርጣል ይላሉ። ሦስተኛ ሐሳብም አለ። ሥራውን ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ማሸጋገር፤ የቀበሌው ልጆች ስለሆኑ አይሄዱም የሚል ነው።

ሦስተኛው ይማርካል፤ በከፊልም ይሠራል። ወባን በመመርመሪያ ኪት አይቶ ማከም፣ የሕፃን ክንድ ለክቶ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ ለአልሚ ምግብ መመዝገብ፣ ለተቅማጥ ኦአርኤስና ዚንክ መስጠት አስቀድሞም ሥራቸው ነው። ደም የሚፈሳትን እናት ግን ያለ ተጨማሪ ሥልጠናና ያለ መድኃኒት ተቀበሉ ማለት ኃላፊነትን ወደ ታች መወርወር ነው። «አይሄዱም» የሚለውም ቢሆን ሌላ መልክ አለው። መሄጃ የሌለው ሰው ፈቅዶ የቆየ ተደርጎ ይቆጠራል።

የደመወዙ ጉዳይ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ባንክ ሲዘጋና ትራንስፖርት ሲቆም ነርሷ ደመወዟን ለመቀበል ራሱ ከተማ መውረድ አለባት። አንድ ሰው ለሦስት እየሠራ ትርፍ ሰዓቱ ሳይከፈል ሲከርም፣ ከተማ የወረደ ሰው አይመለስም። ስለዚህ «ነርሶች ሸሹ» የሚለው ወሬ ብዙ ጊዜ ታሪኩን ከመጨረሻው ነው የሚጀምረው። በሌላ በኩል የሥራ ማቆም ተቺዎች የሚያነሱት ነጥብም ባዶ አይደለም፤ አማራጭ በሌለበት ቦታ የአንድ ቀን መቅረት የአንድ እናት ሞት ሊሆን ይችላል። ይሁንና ነርሷ የቀረችበት ቀንና መድኃኒቱ የቀረበት ወር እኩል መጠየቅ አለባቸው። እስካሁን የሚጠየቀው የመጀመሪያው ነው።

ከክረምቱ በፊት

ዓለም አቀፉ የነርሶች ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2019 ባሻሻለው የአደጋ ጊዜ የነርስ ብቃት መመዘኛ የመጀመሪያው ደረጃ ለማንኛውም ነርስ እንደሆነ ይደነግጋል። አደጋ የልዩ ባለሙያ ጉዳይ ብቻ አይደለም ማለት ነው። በደብረ ማርቆስም ሆነ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የሚመረቁ ነርሶች ብዙዎቹ የሚመደቡት ትምህርቱን እንዲህ ባለ ሌሊት ወደሚፈተኑበት ቦታ ነው። በሰፊ ጨርቅና በእንጨት ደም ማቆም፣ ሰዓቱን ቁስለኛው ላይ መጻፍ፣ ያለ መብራት ማዋለድ፣ ለሟች ቤተሰብ ማርዳት ቀስ በቀስ ሊለመዱ የሚችሉ ናቸው። የራሳቸውን ድንጋጤ የሚያወሩበት ቦታም ያስፈልጋቸዋል። ሌሊቱን ሬሳ ያጠበች ነርስ ጠዋት ክትባት ትሰጣለች፤ ማንም «አንቺስ እንዴት ነሽ» አይላትም።

የመድኃኒቱ ጉዳይ ግን ቀን አለው። የጎጃም ወባ የሚበረታው ክረምቱ ካለፈ በኋላ፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ነው። መንገዱ የሚበላሸው ደግሞ ሐምሌና ነሐሴ ነው። ስለዚህ ለመስከረም የሚያስፈልገው ኮአርተም፣ የኅዳርን ወላዶች የሚጠብቀው ሚሶፕሮስቶል፣ ለቲቢና ለኤችአይቪ ታካሚዎች የሦስት ወር መድኃኒት ግንቦት ላይ ተጭኖ፣ ሰኔ ሳያልቅ የወረዳ ከተሞቹ ጎንደወይንም ሆነ የዕድ ውሃ መድረስ አለበት። ከዚያ ወደ ቆላው ቀበሌ የሚወርደው በአህያ ነው፤ አህያዋም የሞላ ወንዝ አትሻገርም።